«አሳዳጊ የበደለው»፦ አስተዳደግ የሰውን ምግባር ምን ያህል ይሠራል?

በአማርኛ ስድቦች መካከል የአንዱ አወቃቀር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ታላቁን የማያከብር፣ የተቀበለውን አደራ የሚበላ፣ ሰው ፊት አፉ እንዳመጣለት የሚናገር ሲያጋጥመን «አሳዳጊ የበደለው!» እንላለን። ስድቡ የሚወርደው በአጥፊው ላይ ነው፤ ክሱ ግን የሚመለከተው ሌላ ሰው ነው። ተሰዳቢው በዚህ አነጋገር ተበዳይ ነው፤ ሊሰጡት የሚገባውን ሳይሰጡ አሳድገውታልና። «ስድ አደግ»ም እንደዚያው ነው፤ እረኛ እንደሌለው ከብት ተለቆ ያደገ ማለት ነው። በመልካሙም በኩል «የጨዋ ልጅ» እያልን ወደ ቤቱ እንመለሳለን፤ ለትዳር ሲታሰብ «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ይባላል። ከተረቶቻችንም አንዱ፣ በስርቆት ተይዞ ለስቅላት የቀረበ ወጣት እናቱን አስጠርቶ፣ በልጅነቱ የጎረቤት እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ ዝም ማለቷን የሚወቅስበት ነው። በእንቁላሉ ቢቀጣ ኖሮ በሬ ለመስረቅ ባልደረሰ ነበር።

የቋንቋው ፍርድ እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ምግባር የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው። ይህ ፍርድ ግን ግፍም አለበት። «የሴት ልጅ» የሚለው ስድብ ያለ አባት ያደገን ሁሉ ከወዲሁ የሚኮንን ነው። ጉልት ተቀምጠው፣ የሰው ልብስ አጥበው፣ እንጀራ ጋግረው ሸጠው የተመሰገኑ ልጆች ያሳደጉ እናቶችን የማያውቅ ሰፈር ግን የለም። ስለዚህ ጉዳዩን በስድብና በተረት ብቻ ትተነው ልናልፍ አይገባም። የሥነ ልቦና፣ የሥነ ሰብና የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጥያቄውን ከየአቅጣጫው ሲመረምሩት ኖረዋል። ያገኙት ነገር አንዳንዴ ተረቶቻችንን ያጸናል፤ አንዳንዴ ይንዳቸዋል።

መጀመሪያ የተናደው «ሐቀኛ ልጅ» የሚለው ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 (ከዚህ በታችም ዓ.ም. ካልተባለ ዓመቱ እ.ኤ.አ. ነው) ሂዩ ሃርትሾርንና ማርክ ሜይ የተባሉ አሜሪካውያን ከ10 ሺህ በላይ ልጆችን ያሳተፈ ጥናታቸውን ማሳተም ጀመሩ። ልጆቹ ፈተና ሲፈተኑ፣ ስፖርት ሲወዳደሩ፣ ገንዘብ በእጃቸው ሲገባ፣ የቤት ሥራ ይዘው ሲሄዱ የማታለል ዕድል ሆን ተብሎ ይመቻችላቸው ነበር። ፈተና ላይ የሚያጭበረብረው ልጅ የሰው ገንዘብ ላይነካ ይችላል፤ በስፖርቱ የታመነው ቤት ሲደርስ ይዋሻል። ስለ ምግባር በቃል የሚያውቁት ነገርም ከሚያደርጉት ጋር የነበረው ዝምድና ደካማ ነበር። ኋላ ቁጥሮቹን እንደገና የመረመሩ ሰዎች በሁሉም ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ክር እንዳለ አሳይተዋል፤ ይሁን እንጂ ሐቀኝነት እንደ ቁመት ሰውየው የሄደበት ሁሉ አብሮት የሚሄድ ነገር ሆኖ አልተገኘም።

ይህን ሳነብ ያሰብሁት ያደግሁበትን ሰፈር ነው። ባለሱቁ ተሳስቶ አምስት ብር ትርፍ ቢመልስላት ከቤቷ ተነሥታ የምትመልስ ሴት፣ ለአክስቷ ልጅ ስትሆን ቀበሌ ቆማ ያላየችውን አይቻለሁ ብላ ትመሰክራለች። በሁለቱም ጊዜ ኅሊናዋ ንጹሕ ነው። ሁለቱንም የተማረችው ደግሞ ከአንድ እናት ነው። የዚህ ዳሰሳ ዋና ጉዳይ ይህች ሴት ናት፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ትክክልና ስሕተት የሚባለው ነገር ራሱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ሎረንስ ኮልበርግ እ.ኤ.አ. በ1958 በቺካጎ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራው ልጆች በሥነ ምግባር አስተሳሰብ ደረጃ በደረጃ ያድጋሉ አለ፤ ከቅጣት ፍርሃት ተነሥተው፣ የሰው አድናቆትንና ሕግን አልፈው፣ ለሰው ልጅ ሁሉ ወደሚሠራ መርሕ ይደርሳሉ። ጥናቱ የተጀመረው በወንዶች ልጆች ብቻ ነበር፤ ካሮል ጊሊጋን በ1982 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ አንሥታ፣ ሴቶች ጥያቄውን ከመርሕ ይልቅ ከኃላፊነትና ከእንክብካቤ አንጻር እንደሚያዩት ተከራከረች። ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ሪቻርድ ሽዌደርና ባልደረቦቹ በ1987 ያወጡት ሥራ ነው። በምሥራቅ ሕንድ ቡባነስዋር ከተማ የሚኖሩ ሰዎችንና የቺካጎ ነዋሪዎችን ስለ አንድ ዓይነት ድርጊቶች ጠየቁ። ከድርጊቶቹ አንዱ አባቱ በሞተ ማግስት ጸጉሩን ተስተካክሎ ዶሮ የበላ የበኩር ልጅ ነበር። አሜሪካውያኑ የግል ጉዳዩ ነው አሉ። የሕንድ ብራህማን ልጆችና አዋቂዎች ግን እጅግ ከባድ ከሚባሉት ኃጢአቶች ጋር መደቡት።

አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ እዚህ ላይ ቆሞ ራሱን ቢመረምር ጥሩ ነው። አባቱ በተቀበረ ማግስት፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሣ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ ሥጋ ቤት የገባ ልጅ ቢያይ ምን ይሰማዋል? «ማንን ጎዳ?» ብሎ ይጠይቃል ወይስ ሰውነቱን ይሰቀጥጠዋል? ያ መሰቅጠጥ በክርክር የመጣ አይደለም። ማንም ቁጭ አድርጎ ያስረዳው የለም። ለቅሶ ቤት እየተወሰደ፣ ትልልቆቹን እያየ፣ ሲስቅ እየተቆነጠጠ የገባበት ነው። ባህል ከምንም በፊት የሚሠራው እዚህ ነው፤ ገና ማሰብ ሳንጀምር አካላችን እንዲደነግጥ ያለማምደዋል።

ስለ ትዕግሥት የተደረጉት ጥናቶችም ይህንኑ በሌላ መንገድ ያሳያሉ። በስታንፎርድ ዋልተር ሚሸል ልጆችን ጣፋጭ ፊት አስቀምጦ «እስክመለስ ከጠበቅህ ሁለት ታገኛለህ» እያለ ፈተናቸው፤ የጠበቁት ኋላ በትምህርት የተሻሉ ሆነው ስለተገኙ ራስን መግዛት የስኬት ቁልፍ ነው ተባለ። በ2018 በብዙ ልጆች ላይ ሲደገም ግን ዝምድናው ግማሽ ያህል ሆነ፤ የቤተሰቡ ኑሮና ትምህርት ግምት ውስጥ ሲገባ ደግሞ አብዛኛው ጠፋ። ቤቱ ባዶ የሆነ ልጅ ያገኘውን ወዲያው ቢበላ ምን ያስደንቃል? ነገ መኖሩን የሚያረጋግጥለት የለም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የነካኝ ግን ቤቲና ላም የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2017 ያሳተመችው ነው። በሰሜን ምዕራብ ካሜሩን የሚኖሩ የንሶ ገበሬዎች የአራት ዓመት ልጆች ከጀርመን እኩዮቻቸው ጋር ተነጻጸሩ። ለንሶዎቹ የቀረበላቸው ቦምቦሊኖን የሚመስል በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ነበር። ከጀርመኖቹ 30 በመቶ ገደማ ሲጠብቁ ከንሶዎቹ 70 በመቶ ገደማ ጠበቁ። የንሶ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ታዛዥነትንና ታላቅን ማክበርን አስቀድመው ነው። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የጃፓን ልጆች ምግብ ለመጠበቅ፣ የአሜሪካ ልጆች ግን የታሸገ ስጦታ ለመጠበቅ እንደሚበልጡ አገኘ። በጃፓን ገበታ ሁሉም እስኪቀርብለት ይጠበቃል፤ በአሜሪካ ቤት የልደትና የገና ስጦታ ቀኑ እስኪደርስ አይከፈትም። ልጁ የሚታገሠው ባለማመዱት ነገር ላይ ነው።

ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እንግዳ ያስታጠበ ልጅ ይህን ለመረዳት ጥናት አያሻውም። ወጡ ይሸታል፤ ትልልቆቹ ይበላሉ፤ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ጉርሻ ቢዘረጉለት በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ባይዘረጉለት አይጠይቅም። ዶናልድ ሌቪን በ1950ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ሸዋ መንዝ ኖሮ በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የአማራ ገበሬ ልጁን ሲያሳድግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ታዛዥነትን እንደሆነ ጽፏል። አንድን የደጋ አገር አይቶ ስለ ብዙዎች መደምደሙ ሊያከራክር ይችላል። ያም ሆኖ የገለጸውን ቤት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን።

እኔ በዚያ ቤት አፍራለሁ አልልም፤ ብዙ ሰጥቶኛል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ዕዳ ጥሎብናል። ታላቅ ሲናገር ዝም እንዲል ብቻ የተማረ ልጅ፣ ታላቁ ሲበድለውም ዝም ይላል። ዘመድ ወይም ጎረቤት የደፈረው ሕፃን «ትልቅ ሰው አይከሰስም» ብሎ ምሥጢሩን ይዞ የሚያድገው ከዚሁ ትምህርት ነው። መከባበርን ያስተማረው ቤት እምቢ ማለትን አብሮ ካላስተማረ ልጁን ግማሽ አሳድጎታል።

ስለ ቅጣትም ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ልምጭ፣ ቁንጥጫ፣ በርበሬ ማጠን፤ «ሳይቀጡት ያደገ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል»። ኤሊዛቤት ጌርሾፍና አንድ ባልደረባዋ በ2016 በጠቅላላው ከ160 ሺህ በላይ ልጆችን የሚሸፍኑ 75 ጥናቶችን አሰባስበው መርምረዋል፤ መመታት ከተሻለ ጠባይ ጋር ሳይሆን ከጠበኝነትና ከሥነ ልቦና ችግር ጋር ተያይዞ አገኙት። «ይህ የፈረንጅ ልጅ ነው፤ የእኛ ልጅ ዱላን እንደ ፍቅር ያየዋል» ለሚል ደግሞ የጄኒፈር ላንስፎርድ የ2005 ጥናት መልስ አለው። ኬንያን ጨምሮ በስድስት አገሮች እናቶችና ልጆች ተጠየቁ። ዱላ በተለመደበት አገር ጉዳቱ ቀለል ይላል፤ አይጠፋም ግን። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ከአካላዊ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። የቤቱ ልምጭ ግን አሁንም በየቤቱ አለ። የተረቱ እናት ጥፋት ልጇን አለመምታቷ አልነበረም፤ እንቁላሉን ወደ ባለቤቱ አለማስመለሷ ነበር።

የዘር ውርስን በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃል። በ2015 ከ14 ሚሊዮን በላይ የመንታ ጥንዶችን ያካተቱ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ በሰዎች መካከል ካለው የባሕርይና የጤና ልዩነት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ፤ በአንድ ቤት የማደግ ድርሻ ከዚያ በጣም ያንሳል። ጁዲዝ ሪች ሃሪስ ደግሞ በ1998 ልጅን የሚቀርጹት ከወላጅ ይልቅ እኩዮቹ ናቸው ብላ ብዙ ወላጅ አስቆጥታለች። እነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በሀብታም አገሮች፣ እርስ በርስ በሚመሳሰሉ ቤቶች መካከል ነው። በአንድ ማሳ ላይ የበቀሉ ዘሮችን ብቻ የሚያወዳድር የአፈሩን ኃይል አያይም። ይሁን እንጂ ወላጆችን ከአንድ ሸክም ያሳርፋሉ፤ የልጅ ጥፋት ሁሉ የአሳዳጊ በደል አይደለም።

አሁን ወደዚያች ሴት ልመለስ። በ1951 ስቶፈርና ቶቢ የተባሉ ሶሺዮሎጂስቶች ለአሜሪካ ተማሪዎች ያቀረቡት፣ ኋላ ፎንስ ትሮምፔናርስ በብዙ አገሮች የጠየቀው ጥያቄ አለ። ጓደኛህ የሚነዳው መኪና ውስጥ ነህ። በሰዓት 20 ማይል በሚፈቀድበት መንገድ በ35 እየነዳ እግረኛ ገጨ። ሌላ ምስክር የለም። «በ20 ነበር የሚነዳው» ብለህ ትመሰክርለታለህ? በስዊዘርላንድ፣ በአሜሪካና በካናዳ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጓደኛዬ እንዲህ እንድልለት መጠበቅ አይገባውም አሉ። በቬንዙዌላና በደቡብ ኮሪያ እንደዚያ ያሉት ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ናቸው። ትሮምፔናርስ የታዘበው ነገር ትልቅ ነው። ሁለቱም ወገኖች አንዱ ሌላውን የማይታመን ይለዋል። አንደኛው «ለጓደኞቻቸው ሲሉ ይዋሻሉ» ይላል፤ ሌላኛው «ለጓደኛቸው እንኳ አይሆኑም» ይላል።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። አስተዳደግ ሰውን ባለ ምግባር ወይም ምግባረ ቢስ ከማድረጉ በፊት ለማን ግዴታ እንዳለበት ያስተምረዋል። ባለሱቁ ጎረቤት ነው፤ አምስት ብሩ ይመለሳል። የአክስት ልጅ ሥጋ ናት፤ ይመሰከርላታል። ቀበሌው ግን ማን ነው? በሐሰቱ ምስክርነት ተራው የሚያልፍበት፣ ድርሻው የሚወሰድበት ሰውስ? እሱን ማንም አላስተዋወቃትም። መሥሪያ ቤት ጉዳይ ሲኖረን መጀመሪያ የምንጠይቀው «እዚያ ሰው አለህ?» ብለን ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ በዚህ አነጋገር ገና «ሰው» አልሆነም፤ ሰው የሚሆነው ስንዛመደው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ከዚሁ የበቀለ ነው። ተሿሚው በላ የሚባለው ብቻውን አይደለም፤ ቤት የሠራላቸው፣ ልጆቻቸውን ያስተማረላቸው ዘመዶች አሉ፤ ባይበላ እነሱ «ለእኛ ያልሆነ» ይሉታል።

ይሉኝታም የሚሠራው በዚህ ልክ ነው። ሩት ቤኔዲክት በ1946 ስለ ጃፓን ስትጽፍ የሰው ዓይን የሚገዛቸውን ባህሎች ኅሊና ከሚገዛቸው ለይታ ነበር፤ ክፍፍሉ በጣም ተተችቷል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ይኖራሉና። ይሉኝታም ሐፍረት ብቻ አይደለም። «ይሉኝታ ቢስ» የምንለው ሰው የማያፍረውን ብቻ ሳይሆን ለሌላው የማይጨነቀውን ነው። ግን ይሉኝታ የሚያይ ዓይን ይሻል። መንደር ውስጥ ሁሉም ያውቅሃል። አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተራ ሰብሮ የሚገባው ሰው ሰፈሩ ለቅሶ ቤት ድንኳን ለመትከል ግን ቀድሞ የሚደርሰው ነው።

ኤድዋርድ ባንፊልድ በ1958 በደቡብ ጣሊያን አንዲት ድሃ መንደር አጥንቶ፣ ሰዎቹ ለቅርብ ቤተሰባቸው ጥቅም ብቻ ስለሚያስቡ በጋራ ምንም ማድረግ አቃታቸው አለ። ብዙዎች ደግሞ ድህነቱንና የመሬት ሥሪቱን ረስተሃል ብለው ተችተውታል፤ ተገቢ ትችት ነው። ጆሴፍ ሄንሪክ በ2020 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ፣ የምዕራብ አውሮፓ ቤተ ክርስቲያን የዘመድ ጋብቻን በመከልከሏ የዘር ማኅበሩ ፈረሰ፣ ሰዎችም ከማያውቁት ጋር በሕግ መኖርን ለመዱ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በእኛም አገር በአማራውና በሌሎችም ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ካልራቀ አይጋቡም፤ ደንቡ ከሄንሪክ አውሮፓ ብዙም አይላላም። ዝምድናው ግን አልፈረሰም። ሰባት ቤት የቆጠረ ሰው ዘመዱን አበዛው እንጂ አልቀነሰውም። ስለዚህ ክልከላው ብቻውን የማያውቁትን ሰው ሰው አያደርግም፤ ሌላ ነገር ይሻል።

ይህ «ሌላ ነገር» የሚጎድልበት ቦታ በግልጽ የሚታየው በትምህርት ቤቶቻችን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሰጥ ተማሪዎቹ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች እንዲፈተኑ ተደረገ። ከ896 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመትም ከዚህ አልተሻለም። ዋናው ሕመም የትምህርት ጥራት መሆኑ አያጠራጥርም። ሕመሙን ለዓመታት ሸፍኖ ያቆየው ግን ኩረጃ ነው።

ኩረጃ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ለጓደኛው የማያካፍል ልጅ ስስታም ይባላል። ቆሎ ለብቻ አይቆረጠምም። ያው ልጅ ፈተና ክፍል ሲገባ ወረቀቱን በክንዱ ቢሸፍን ከኋላው የሚሰማው ስም ያው ነው፤ ስስታም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ወረቀቴን ገለጥ አድርጌ ለጓደኛዬ አሳይቻለሁ፤ ያን ቀን የተሰማኝ ደግነት ነበር። ስለዚህ «አትስረቅ» የሚለው የግብረ ገብ ትምህርት እዚህ ቦታ አይደርስም። ልጁ አልሰረቀም፤ ሰጠ። የተጎዳው ሌላ ከተማ ውስጥ፣ በማያውቀው ትምህርት ቤት፣ ብቻውን አጥንቶ የገባ፣ የዩኒቨርሲቲ ቦታውን ያጣ ልጅ ነው። ያ ልጅ አይታየውም። የንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ፣ የደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት፣ ከዚያ ወዲህም ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር በየተራ መጥተዋል። ሁሉም ስለ መልካም ሰው አስተምረዋል፤ ስለማይታየው ሰው ያስተማሩት ግን ጥቂት ነው።

ባህል ዕጣ ፈንታ አይደለም ለማለት የኒውዮርክን ታሪክ የሚያህል የለም። በተባበሩት መንግሥታት የሚሠሩ ዲፕሎማቶች ያለመከሰስ መብት ስለነበራቸው መኪና ያለቦታው አቁመው የሚጻፍባቸውን ቅጣት ለመክፈል አይገደዱም ነበር። ሬይ ፊስማንና ኤድዋርድ ሚጌል ከ1997 እስከ 2002 ያልተከፈሉትን ቅጣቶች ቆጠሩ፤ ከ150 ሺህ በላይ፣ 18 ሚሊዮን ዶላር። ኩዌት በአንድ ዲፕሎማት 246 ቅጣት ይዛ ቀዳሚ ሆነች። ስዊድንና ኖርዌይ ምንም አልነበረባቸውም። የኢትዮጵያም ስም ከላይኞቹ 20 ውስጥ ነበር፤ ማንበቡ አያስደስትም። በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ሕግ ሥር፣ ማንም በማያስገድድበት ጊዜ እያንዳንዱ ከአገሩ ይዞት የመጣውን አወጣ። ከ2002 መጨረሻ ጀምሮ ግን ከተማው ቅጣት ያልተከፈለበትን መኪና የዲፕሎማት ሰሌዳ መንጠቅ ሲጀምር ጥፋቱ በ98 በመቶ ገደማ ወረደ። ለዓመታት የቆየ ልማድ ሰሌዳ መንቀል ሲጀመር ለቀቀ።

በመለኪያውም መጠንቀቅ ያሻል። በ2019 በ40 አገሮች ከ17 ሺህ በላይ የኪስ ቦርሳዎች «ወድቆ አገኘሁት» ተብለው ለየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ተሰጡ፤ ሠራተኛው ለባለቤቱ ኢሜይል ይልካል ወይ ተብሎ ተለካ። ገንዘብ ያለበት ቦርሳ ከባዶው ይልቅ ብዙ መልስ ማግኘቱ ለሰው ልጅ የሚያኮራ ነው። ቻይና መጨረሻ አካባቢ ወጣች። የቻይና ተመራማሪዎች ግን በ2023 ደግመው ሲያጠኑት ብዙዎቹ ሠራተኞች ኢሜይል ባይልኩም ቦርሳውን በጥንቃቄ አስቀምጠው ባለቤቱን ይጠብቁ እንደነበር አሳዩ። አደራ መጠበቅን ምግባር ብሎ የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥናት ውስጥ ሌባ ሊመስል ይችላል።

እኛም የማያውቁትን ሰው ለማመን የሠራነው ነገር አለ። እቁብ ነው። የገበያ እቁብ ውስጥ የገባ ነጋዴ አባላቱን ሁሉ አያውቅም፤ ዘመዶቹም አይደሉም፤ ሃይማኖታቸውና አገራቸውም ልዩ ልዩ ነው። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል፤ ዳኛና ጸሐፊ አለ፤ የቀረ ይቀጣል። ይሉኝታ፣ ሕግና ኪሳራ በአንድ ላይ ተገምደዋል። ያው «ሰው አለህ?» የሚለው ሰውዬ እቁብ ላይ ቃሉን ያከብራል። ጠባዩ አልተለወጠም፤ ግዴታው የሚይዘው ክብ ግን ሰፋ።

የባህል ኃይል እስከ ምን እንደሚደርስ ያሳየን ደግሞ የጋሞ አባቶች ናቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በወገኖቻቸው ላይ በደረሰው ግድያና መፈናቀል የተቆጡ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ፣ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። በጋሞ ዘንድ «ጎሜ» የሚባል ነውር አለ፤ የተንበረከከን ሽማግሌና የሰላም ሣርን አልፎ መሄድ መዘዙ ለአገርም የሚተርፍ ነው ተብሎ ይታመናል። ለበቀል የወጣውን እግር በሕፃንነት የገባ ድንጋጤ አቆመው። አባቶቹ በዚያ ቀን የጠበቁት የራሳቸውን ወገን አልነበረም፤ ሊጠቃ የነበረውን ሌላውን ነበር። ታላቅን ማክበር ከክቡ ውጭ ላለ ሰው ጥላ የሆነበት ቀን ነው።

በስደት ያሉት ወገኖቻችን ይህን ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ ያዩታል። በ1984 መጨረሻና በግንቦት 1991 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ወደ እስራኤል ለሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች፣ አስተማሪ ፊት ዓይንን መስበር አክብሮት ነበር፤ ለአስተማሪዎቹ ግን የሚደብቅ ወይም ያልገባው ልጅ ይመስል ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወላጆች ደግሞ «ልጄ ፖሊስ ይጠራብኛል» እያሉ ይፈራሉ። ልጁ ታላቁን በስሙ ይጠራል፤ በሌላ በኩል ግን የማያውቀውን ሰው ተራ አይወስድም። ወላጅ የጎደለውን ብቻ ካየ ልጁ ያተረፈውን ያጣዋል።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጆቻችሁ ለፈተና ከመሄዳቸው በፊት፣ ከእስክሪብቶውና ከመታወቂያው ጋር፣ ያንን በሩቅ ከተማ ብቻውን የሚያጠና የማያውቁትን ልጅ ንገሯቸው። ከዚያም ጠይቋቸው፦ «የቅርብ ጓደኛህ አሳየኝ ቢልህ ምን ትለዋለህ?» መልሱን እስኪጨርስ ሳትቆጡ ስሙት።